ከመጋዘኖቹ በታች ያለው ማሳ

«ወንዝ ዳር» ስል ውሃ እንዳይታያችሁ። ከቆቦ ወደ ሮቢት ስትወጡ የምታገኙት ወንዛችን ከዓመቱ ዘጠኙን ወር አሸዋ ነው። ኳስ ይጫወቱበታል፣ ግመል ያሳርፉበታል፣ የታጠበ ልብስ ያሰጡበታል። ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ደጋ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጎርፍ ይወርድና ያገኘውን ጠራርጎ ያልፋል፤ በማግስቱ ተመልሶ አሸዋ ነው። እኔ የጎጃም ልጅ ነኝ። በእኛ አገር ወንዝ ክረምት ከበጋ ይፈስሳል። እዚህ በተመደብኩ ሰሞን ድልድዩ ላይ ቆሜ «ወንዙ የታለ?» ብዬ የባጃጁን ሹፌር እንባው እስኪወርድ አስቄዋለሁ።

በዚህ አሸዋ ዳር አራት የድንጋይ መጋዘኖችና አንድ የፓምፕ ቤት ነበሩ። የድሮ የጥጥ እርሻ ንብረት ናቸው። እርሻው ከተዘጋ በኋላ ዞር ብሎ ያያቸው አልነበረም፤ በከፋው የጦርነት ጊዜ ደግሞ በርና መስኮታቸው ተነቅሎ ሄደ። የቀረው ግድግዳ፣ ግማሽ ቆርቆሮና የሌሊት ወፍ ነው። እኔ ቆቦ ኮሌጅ ውስጥ ድሮዊንግ አስተምራለሁ። አንድ ግንቦት ተማሪዎቼን ልክ መውሰድ ላለማምዳቸው ወደዚያ ይዣቸው ሄድኩ። በዚያ በሚያነድድ ፀሐይ አንዱ መጋዘን ውስጥ ስገባ ቀዝቃዛ አየር ተቀበለኝ። ግድግዳው አንድ ክንድ ይወፍራል። በግንቦት ቀዝቃዛ ክፍል ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ የቆቦ ሰው ያውቀዋል። እዚያው ቆሜ ወደድኩት። ቤት ይወደዳል ወይ ብትሉኝ በፊት እስቅባችሁ ነበር።

በዓመቱ ማዘጋጃ ቤቱ ቤቶቹን በማኅበር ለተደራጁ ወጣቶች ሰጠ። ንድፉን ማን ይሥራ ሲባል ማንም ሳይጠይቀኝ እጄን አወጣሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ ሰው ከሥራ ሲወጣ የሚቀመጥበት፣ ፀጉሩን የሚስተካከልበት፣ ስልኩን የሚያስጠግንበት፣ ማንም ቶሎ ጠጥተህ ተነሣ የማይለው ሰፈር። ቆቦ ገበያ አላት፣ መናኸሪያ አላት፤ ዝም ብለው የሚቀመጡበት ቦታ ግን አልነበራትም።

ሥራው ከመስከረም ጀመረ። የሌሊት ወፎቹን ለማስወጣት ብቻ ሁለት ሳምንት ፈጀብን። ከግድግዳው ስንጥቅ የጥጥ ብናኝ እየወጣ ያስነጥሰን ስለነበር ግንበኞቹ ፊታቸውን ተከናንበው ነበር የሚሠሩት። እኔ ቁጡ ነኝ፤ አልደብቅም። ጠማማ ግድግዳ ካየሁ አፌ አያርፍም። ግንበኞቹ ከኋላዬ «ሚጥሚጣዋ» ይሉኝ እንደነበር የሰማሁት ቆይቼ ነው፤ ቅር አላለኝም፣ ሚጥሚጣ የሌለበት ምግብ እኔም አልወድም። ከፓምፑ የተረፈውን ትልቅ የብረት ጎማ አጋድመን ጠረጴዛ አደረግነው። ጥጥ ይመዘንበት የነበረውን ሚዛን አልጣልነውም፤ በሩ አጠገብ ተከልነው። ዛሬ የመጣው ሰው ሁሉ ይወጣበትና ክብደቱን አይቶ «ይኼማ ተበላሽቷል» ብሎ ይወርዳል።

ትልቁ ጠብ የበሩ ነገር ነበር። የድሮዎቹ ሰዎች በሮቹን ሁሉ ወደ መንገዱ አድርገው፣ ለወንዙ ጀርባ ሰጥተው ነው የሠሩት። እኔ ገለበጥኩት። በሩም መስኮቱም ወደ አሸዋው ዞረ፤ በፊት ለፊቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር ድንጋይ የተነጠፈ ሰፊ በረንዳ አወጣሁ። ማታ ማታ ፀሐይዋ አሸዋው ላይ ስትወድቅ የሚታየውን ያየ ሰው ልክ ነበርሽ ይለኛል። በዚህ እስካሁን አልጸጸትም። የምጸጸተው በበረንዳው ነው።

በረንዳውን እንዳላወጣ ያስቸገረኝ አንድ ቦይ ነበር። በመጋዘኖቹና በወንዙ መካከል ያልፋል፤ ግማሹ በደለል የተሞላ፣ ፍየል የሚተኛበት ደረቅ ቦይ። ማዘጋጃ ቤቱ የሰጠን ሰነድ ላይ አልነበረም። ሄጄ ማጣራት የእኔ ፋንታ ነበር፤ እኔ ግን ያገኘሁትን ሰው መጠየቅ በቂ መሰለኝ። መጀመሪያ በዚያ ያልፉ የነበሩ አንድ ገበሬ ጠየቅሁ፦ «ይኼ ቦይ የማን ነው? ልደፍነው ነው።» ሰውየው ቦዩንም እኔንም አዩና «በሰኔ እንነጋገራለን» አሉኝ። ሌላ ሰው ጠየቅሁ። «በሰኔ እንነጋገራለን።» በመጨረሻ ከመጋዘኖቹ በአንዱ ወተት ቤት የምትከፍተውን ልጅ ጠየቅኋት።

ይቺ ልጅ የሰፈሩ ነፍስ ናት። የራያ ገበሬ ልጅ፣ ገና ሃያ አምስት ያልሞላት፣ ስትስቅ መጋዘኑ የሚያስተጋባላት። ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ እንደሚባለው፣ ስንት ቀን አስቤ ያልገባኝን እሷ አንድ ቀን ቆማ አይታ ትነግረኛለች። «ቲቸር፣ መቀመጫውን ዝቅ አድርጊው፤ የእኛ ሰው ዱላውን ይዞ ነው የሚቀመጥ» ያለችኝ እሷ ናት። ወተቱ የሚመጣው ከአባቷ ሁለት ላሞች ነው፤ በየማለዳው በጀሪካን በባጃጅ ይደርሳል። እሷም ስለ ቦዩ ስጠይቃት «እሱን በሰኔ አባዬ ይነግሩሻል» አለችኝ።

እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከዓመታት ልምድ እንደማውቀው «እንነጋገራለን» የተባለ ነገር ሞቶ የተቀበረ ነገር ነው። ስለዚህ ደፈንኩት። የፈረሰ ግድግዳ ፍርስራሽ ሞላሁበት፣ አሸዋ ደለደልኩ፣ በላዩ ድንጋይ አነጠፍኩ። ገበሬዎች እያለፉ «አይዟችሁ፣ በርቱ» ይሉን ነበር። አንድም የተቆጣ አልነበረም።

ከፋሲካ በኋላ ተከፈተ። እንዴት እንደሞላ አትጠይቁኝ። ከሆስፒታል ነርሶቹ፣ ከትምህርት ቤት መምህራኑ፣ ከጎብዬ ድረስ በሚኒባስ የመጡ ሙሽሮች ፎቶ ሊነሡ። ስልክ ጠጋኙና ልብስ ሰፊው አንድ ጥላ ሥር ተጎራብተው ቀኑን ሙሉ ይሟገታሉ። የፓምፕ ቤቱ ጁስ ቤት ሆኗል። እኔ ጥግ ላይ እርጎዬን ይዤ ሰው ድንጋዬን ሲረግጥ አያለሁ። በሕይወቴ እንደዚያን ጊዜ ኮርቼ አላውቅም።

ሰኔ ገባ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት በረንዳው ላይ ስደርስ አርባ የሚሆኑ ወንዶች አካፋና ዶማ ይዘው ቆመዋል። መጀመሪያ ምን አጠፋን ብዬ ደነገጥኩ። እነሱ ግን ደስተኞች ነበሩ፤ ሻይ አዘዙ፣ ሚዛኑ ላይ በየተራ ወጡ፣ ተሳሳቁ። ከመካከላቸው ነጭ ጥምጥም ያደረጉ፣ ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሽማግሌ ቀርበው ሰላም አሉኝ። የወተት ቤቷ ልጅ አባት ናቸው። «ልጄ፣ እንዴት ከረምሽ። ሰኔ ሆነ፤ እንነጋገር» አሉ።

ያን ዕለት ነው የገባኝ፤ ቦዩ የክረምቱን ጎርፍ ከወንዙ ጠልፎ ማሳ የሚያጠጣ ነው። በዚህ አገር ስለ ጎርፍ በየጓዳው አይወራም። ሁለት ሰው ለብቻው ካወራ ሦስተኛው ተራዬን ሊነጥቁኝ ነው ይላል። ስለዚህ የጎርፍ ነገር የሚነሣው በዓመት አንድ ቀን፣ ሁሉም አካፋውን ይዞ፣ ቦዩ ላይ ቆሞ ነው። ከዚያ በፊት የጠየቃችሁት ሰው ሁሉ በጨዋነት ለሰኔ ይቀጥራችኋል። ለምን አልተቆጣችሁም ስላቸው ደግሞ ሳቁብኝ። ቦዩ በየዓመቱ በደለል ይደፈናል፣ በየዓመቱ እነሱ ይቆፍሩታል። እኔም እንደ ደለሉ ትንሽ ጨመርኩበት እንጂ ሌላ ምን አደረግሁ።

ሽማግሌው የውሃ አባት ናቸው፤ ጎርፉን ለየማሳው በተራ የሚያከፋፍሉት እሳቸው ናቸው። የውሃ አባት ሆኖ የሚመረጠው ደግሞ የመጨረሻው ማሳ ባለቤት ነው። ጫፍ ላይ ያለ ሰው ውሃ እንዲደርሰው ከፈለገ ከላይ ያሉት ሁሉ በወጉ መጠጣታቸውን፣ ቦዩም ከአፉ እስከ ጫፉ መጠረጉን ማየት ግድ ይለዋል። ይኼን ሥርዓት ያሰበው ሰው ከስንቱ አለቃችን ይበልጣል። ሌሎቹ ማሳዎች ሁሉ ከመጋዘኖቹ በላይ ናቸው። ከመጋዘኖቹ በታች ያለው አንድ ማሳ ብቻ ነው፤ የእሳቸው። የእኔ በረንዳ የተቀመጠው በላይኛው አገርና በእሳቸው ማሽላ መካከል ነበር።

ሰዎቹ ድንጋዩን ሊነቅሉ አካፋቸውን አነሡ። ደሜ ፈላ። «አንድ ድንጋይ አይነካም» አልኩ፤ አርባ ሰው ፊት። ወጣቶቹ እንጀራቸው እዚህ መሆኑን፣ በረንዳው ከሌለ ሰው እንደማይመጣ፣ እኔ መላ እንደምፈልግ ተናገርኩ። መላዬም እዚያው መጣልኝ፤ ከበረንዳው ሥር የሲሚንቶ ቱቦ እቀብራለሁ፣ ውሃው በሥር ያልፋል፣ ሰው በላይ ሻይ ይጠጣል። ወረቀት አውጥቼ ሣልኩላቸው። ውሃው ስንት ነው፣ ቱቦው ስንት ይይዛል፣ አሰላሁ። ሒሳቡ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብታሰሉት ትክክል ነው።

ሽማግሌው ሥዕሉን አዩት። «ይኸ ጉሮሮ ነው ልጄ» አሉ። «ጎርፍ ደግሞ ታኝኮ አይመጣም።»

«እኔ ተምሬዋለሁ፣ አባቴ» አልኳቸው። ይቺን ዓረፍተ ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ሰዉ ጉምጉም አለ። አንዳንዱ ይቆፈር አለ፣ አንዳንዱ ልጅቷ ተምራለች ትሞክር አለ። ሽማግሌው ልጃቸውን ዞር ብለው አዩ። እሷ በወተት ቤቷ በር ላይ ማንኪያ ይዛ ቆማለች። ከዚያ ለሰዉ እንዲህ አሉ፦ «ኸዚህ በታች ያለው የእኔ ብቻ ነው። ቢቀርም የሚቀረው የእኔ ነው። ዘንድሮ ይሞከር።» አርባው ሰው አካፋውን ትከሻው ላይ አድርጎ ከላይ ያለውን ቦይ ሊጠርግ ሄደ። እኔ አሸነፍኩ ብዬ ወጣቶቹን እርጎ ጋበዝኩ።

ቱቦው በሳምንቱ ተቀበረ። ድንጋዩም ተመልሶ ተነጠፈ፤ ምልክቱ እንኳ አይታወቅም። ሽማግሌው በገበያ ቀን ሲመጡ ልጃቸው ዘንድ ተቀምጠው ወተት ይጠጣሉ፤ ስለ ቱቦው አንድም ቀን አንሥተው አያውቁም። ማሽላቸው ጉልበት ደርሶ ነበር። ጂጉርቲ የሚባለውን ዝርያ ነው የዘሩት፤ እህሉ ለቤት፣ አገዳው ለላሞቹ። «አንድ ጎርፍ በሐምሌ፣ አንድ በነሐሴ ካገኘች ትበቃለች» ብላኛለች ልጃቸው።

ጎርፉ የመጣው በሐምሌ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ነው። እኛ ዘንድ ጠብ ያለ ነገር አልነበረም፤ ደጋው ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። በረንዳው ሙሉ ነበር። መጀመሪያ ድምፁ ተሰማ፤ ከዚያ «መጣ» አለ ጁስ ቤቱ በር ላይ የነበረ ሰው፣ እንግዳ የሚጠብቅ በሚመስል ድምፅ። ሁሉም ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ። ሽማግሌው ከላይ ሆነው ተራ በተራ የየማሳውን አፍ ሲያስከፍቱና ሲያስዘጉ ከሩቅ ይታየኝ ነበር። ላይኞቹ ጠጡ። ከዚያ የእሳቸው ተራ ደረሰና ቀዩ ውሃ ቱቦው አፍ ላይ ደርሶ ገባ። በሌላው ጫፍ ወጣ። እኔ እልል አልኩ። እውነቴን ነው፤ ብቻዬን እልል አልኩ።

ውሃው የማሳውን ጫፍ እንኳ ሳይነካ አንድ ግራር ከነሥሩ መጣ። ሥሩ ቱቦው አፍ ላይ ተሰነቀረ። በላዩ ያምናው አገዳ፣ ቁጥቋጦ፣ የፕላስቲክ ጫማ፣ ደለል። ቱቦው ተዘጋ። ውሃው ሞልቶ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ዳሩን ሰበረና ወደ ወንዙ ፈሰሰ። ወጣቶቹ በዲጂኖ ለመንቀል ታገሉ፣ እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ፣ አልሆነም። ሽማግሌው እየሮጡ መጡ፤ ሲሮጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ደርሰው አንድ ጊዜ አዩና ቆሙ። «ውጡ፣ ልጆቼ። ውሃ ሰው ይወስዳል» አሉን። በሁለት ሰዓት ውስጥ ጎርፉ አለቀ። ልጃቸው በወተት ቤቱ በር ላይ ሆና ወደ ወንዙ የሚሄደውን ውሃ ታይ ነበር። ወደ እኔ አላየችም፤ ባየችኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ትልቁን መዶሻ ይዤ ሄድኩ። ማንንም አላዘዝኩም። የራሴን ድንጋይ ራሴ መታሁት። ጥቂት እንደቆየሁ ግንበኞቹ መጡና አንዱ መዶሻውን ከእጄ ወስዶ «ሚጥሚጣዋ፣ አንቺ ተቀመጪ» አለኝ፤ በፊቴ ሲጠሩኝ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነው። በሁለት ቀን ቱቦው ተቆፍሮ ወጣ፣ በረንዳው ለሁለት ተከፈለ፣ ቦዩ ሰፊና ክፍት ሆነ። በላዩ በሦስት ቦታ የእንጨት መሻገሪያ ጣልንበት። ይኼን ስናገር እያፈርኩ ነው፤ ሰፈሩ ከበፊቱ ይልቅ አማረ። ሰው እግሩን ቦዩ ውስጥ ሰድዶ መቀመጥ ወደደ። ሙሽሮች መሻገሪያው ላይ ቆመው ፎቶ ይነሣሉ። ከሌላ ከተማ የመጡ ባለሙያዎች አይተው «ቦዩን በንድፉ ውስጥ ማካተትሽ ግሩም ነው» ብለውኛል። ምን ልበል? አመሰግናለሁ አልኩ።

ነሐሴን ደጋውን እያየሁ ጨረስኩት። ክፍል ውስጥ እያስተማርኩ በመስኮቱ ወደ ምዕራብ አያለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ዛሬ አይጥልም» ይሉኝ ጀመር፤ ሁሉም ሰምቷል። አንድ ጎርፍ መጣ፣ ቀጭን ነበር፣ ላይኞቹ ማሳዎች ጋ አለቀ። ላይኞቹ ለአንድ ዙር ይለፈን፣ ለእሳቸው ይሂድ ብለው ነበር አሉ። ሽማግሌው እንቢ አሉ። ተራ ተራ ነው። የውሃ አባት ለራሱ ተራ ከሰበረ የሚቀጥለው ዓመት ማን ይሰማዋል።

በመስከረም ከልጃቸው ጋር ማሳውን ለማየት ወረድን። ከመጋዘኖቹ በላይ ያለው ማሽላ ከሰው ቁመት በልጧል። የእሳቸው ወገብ አልደረሰም፤ ቅጠሉ ተጠቅልሎ፣ ዛላው ባዶ። ይቅር በሉኝ አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል። «አልሐምዱሊላህ፣ ሁሉም ያልፋል» አሉና እስከ ባጃጁ ድረስ ሸኙኝ። አለቀስኩ፤ ባጃጅ ውስጥ። ሹፌሩ ለጨዋነቱ ሬዲዮውን ከፍ አደረገልኝ።

ኅዳር ላይ አገዳው ሁለት ላም እንደማያከርም ታወቀ። ሽማግሌው ከሁለቱ የተሻለችውን፣ ያ ሁሉ ወተት የሚገኝባትን ቀይዋን፣ ሊሸጡ ወሰኑ፤ የደከመችውንማ ማን ይገዛል። እኔ መኖ እገዛለሁ አልኩ፣ ልጃቸውም ተማጸነች። «እንግዳ አያቀልበኝም» አሉ ሽማግሌው፣ ነገሩ በዚያ አለቀ። በገበያ ቀን ጠዋት ላሚቱን እየነዱ በመጋዘኖቹ በኩል አለፉ፤ መንገዱ በዚያ ነው። ልጃቸው ወጥታ በመዳፏ ጨው አላሰቻት፣ ግንባሯን አሸት አሸት አደረገችና ደንበኞች ስለነበሩ ተመልሳ ገባች። እኔ አብሬአቸው ሄድኩ። ላሚቱ በመኪና ስለምትደነግጥ አስፋልቱ ላይ ገመዱን እንድይዝላቸው ፈቀዱልኝ።

ቆቦ ገበያ እንደደረስን አንድ የጎብዬ ሰው መጣ። ላሚቱን ዞረ፣ ጡቷን አየ፣ ጥርሷን አየ፣ ወደዳት። እንዲህ ያለች ላም ለምን ትሸጣለች ብሎ ግን ተጠራጠረ። ሽማግሌው እንከን እንደሌለባት ማሉለት።

«ታዲያ ምን ሆነህ ነው የምትሸጣት?» አለ ሰውየው።

«ማሳዬ ከመጋዘኖቹ በታች ነው፤ ዘንድሮ ጎርፉ አልደረሰኝም። አገዳ የለኝም።»

«የላይኞቹ ሁሉ ጠጥተው የለም እንዴ? እኔ በዚያ አልፌ አይቻለሁ፤ ማሽላው ደን ሆኗል።» ሰውየው ላሚቱን ትቶ እሳቸውን ማየት ጀመረ። «ቦይህን ሳትጠርግ ቀርተህ ነዋ፣ ሽማግሌው። ለስንፍናህ ላሚቱ ተቀጣች።»

አጠገባችን የነበሩ ሰዎች ሳቁ። ሰላሳ ዓመት ሙሉ የአገሩን ቦይ ያስጠረጉ ሰው ጥምጥማቸውን አስተካከሉና «ይሆናል» አሉ።

አፌን ከፈትኩ። ቦዩን የዘጋሁት እኔ ነኝ፣ እኚህ ሰው የውሃ አባት ናቸው ልል ነበር። እሳቸው ክንዴን ያዙኝ፤ እጃቸው ቀላል ነበር።

«ልጄ፣ ገመዱን ስጭው» አሉኝ።

ሰጠሁት።